ለቤተሰብ የመርከብ ሽርሽር የራሳችንን ኩባያ ይዘን ብንሄድ ምን ይመስላችኋል?

አስካለ_4ኪሎ | ሐምሌ 3፣ ምሽት 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ የእናታችንን 70ኛ ዓመት ልደት አስቦ የ7 ሌሊት የመርከብ ጉዞ ከፈለልን። ነሐሴ 2 ሮም አካባቢ ካለችው ከቺቪታቬኪያ ወደብ እንሳፈራለን። እማዬ፣ ባለቤቴ፣ እኔና ሦስት ልጆቻችን ነን። ትልቁ 13፣ መካከለኛዋ 9፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ከመካከላችን መርከብ ላይ አድሮ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄዬ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ሲያሳስበኝ ሰነበተ። ክዳን ያላቸው፣ ሙቅም ቀዝቃዛም የሚይዙ የብረት ኩባያዎች ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ልይዝ እፈልጋለሁ። ልጆቼ ውሃው አጠገባቸው ካለ ይጠጣሉ። ሄዳችሁ ቅዱ ከተባሉ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ጉንጭ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ትንሿ ደግሞ ክፍት ብርጭቆ ከያዘች ግማሹ ልብሷ ላይ ነው። እማዬ ኩላሊቷን አሟት ስለነበር ሐኪሟ ውሃ እንዳይለያት ነግሯታል።

ባለቤቴ ግን አልተዋጠለትም። «ያን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ ኩባያ አንጠልጥለን ስንገባ ምን ይሉናል? ብርጭቆ አይሰጡም አሉሽ?» ይለኛል። የሄዳችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ይፈቀዳል? ይጠቅማል? ወይስ ሻንጣ ማክበድ ብቻ ነው?

ሚሚ_ካዛንቺስ | ሐምሌ 3፣ ምሽት 3፡15

ይፈቀዳል እህቴ፤ ያዢ። እኔ አሜሪካ ካለችው እህቴ ጋር ከማያሚ ተነስተን ሄጃለሁ። ባዶ ኩባያ በፍተሻ ማሽን ሲያልፍ ማንም ምንም አላለኝም። የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ መጠጥ፣ ቢላ፣ እሳት የሚያነሳ ዕቃ።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ቡፌው ላይ ውሃ፣ ሻይና ተራው ቡና በከፈላችሁት ውስጥ ነው። ጠዋት ጭማቂም አለ። ለስላሳ፣ ማኪያቶና የመሳሰሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈልባቸዋል። ብርጭቆ ሞልቷል፤ ግን ትንሽ ነው፣ ክዳንም የለው። ቡፌው ያለው ላይኛው ፎቅ ነው። ክፍላችሁ ታች ከሆነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመቅዳት ሊፍት መጠበቅ አለ። ያውም ከሦስት ልጅ ጋር። እኔ ማታ ከእራት ስመለስ ኩባያዬን በበረዶ ሞልቼ እገባ ነበር። ጠዋት ስነሳ በረዶው ገና አልቀለጠም።

አንድ ነገር ልብ በይ። የራስሽ ኩባያ የሚከፈልበትን መጠጥ ነፃ አያደርገውም። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን መርከቦች ላይ ያለው የኮካ ማሽን የሚቀዳው ከእነሱ ለተገዛ፣ ቺፕ ላለው ኩባያ ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ቢደቅኑበት ዝም ይላቸዋል። ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እዚያ ሄደው እንዳያለቅሱ።

የፒያሳ_ሰው | ሐምሌ 3፣ ምሽት 4፡02

ልጄ፣ ባለቤትሽ ስላነሳው ነገር አንድ ቃል ልበል። ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፤ መርከብም ተሳፍሬ አላውቅም። ግን የራስን መጠጫ ይዞ መሄድ በእኛ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። አባቴ መንገድ ሲወጣ የቀንድ ዋንጫውን በቆዳ ማኅደሩ ከትቶ ከኮርቻው ጎን ያንጠለጥል ነበር። የሚያርፍበት ቤት ዋንጫ ስለሌለ አልነበረም። የለመደውን ስለሚወድ ነው። እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚሄድ ሰው ዛሬም መጠጫውን ይዞ ነው የሚወጣው። ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ሲሄድ ኮዳ ያንገታል። የሚያፍርበት አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ባለቤትሽን አይዞህ በይው። እናትሽንም እንኳን ለ70 ዓመት አበቃቸው።

ዳኒ_ለገሃር | ሐምሌ 4፣ ጠዋት 1፡30

እኔ ትንሽ ልቃወም። ባለቤቴና እኔ ከባርሴሎና ተሳፍረን ሄደናል። እንዲሁ አራት የብረት ኩባያ ይዘን ነበር። ሁለቱን ከሻንጣ ሳናወጣ ተመለስን። የብረት ኩባያ ይከብዳል፣ ቦታ ይበላል። የመርከብ ክፍል ደግሞ ጠባብ ነው። ለስድስት ሰው ስድስት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር መስታወት ማያ እንኳ አይተርፍላችሁም። ትልልቆቹ በመርከቡ ብርጭቆ ተጠቀሙ። ለልጆቹና ለእናትሽ ብቻ ያዢ፤ አራት ይበቃል።

ሌላም ልጨምር፣ ከርዕሱ ወጣ ቢልም። መርከቡ ከሼንገን አገሮች ውጪ የሚቆም ከሆነ፣ ለምሳሌ ቱኒዝያ ወይም ቱርክ፣ ቪዛችሁ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለሻ ላይ ጣጣ ነው። ይህን ከኩባያው በፊት እዩት።

አስካለ_4ኪሎ | ሐምሌ 4፣ ጠዋት 2፡10

ተባረክ ዳኒ። የምንቆመው ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ስፔን ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ደጋግሞ የሚያስገባውን ነው የጠየቅነው። አራት ያልከው ልክ ይመስለኛል፤ አስብበታለሁ። ጋሼ፣ ምርቃትዎን ለእማዬ አነበብኩላት፤ አሜን ብላለች። የዋንጫውን ነገር ለባለቤቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ። እንደ ትናንቱ አልተከራከረም።

ባቦጋያ_መሐንዲስ | ሐምሌ 4፣ ቀትር 6፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ባለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ተምሬ በጭነት መርከብ ላይ በማሽን ክፍል መሐንዲስነት የሠራሁ ነኝ። አሁን ለዕረፍት አዲስ አበባ ነኝ። የመንገደኛ መርከብ ላይ አልሠራሁም፤ የውሃው ነገር ግን ሥራዬ ስለሆነ ልንገራችሁ።

«የመርከብ ውሃ ይጠጣል ወይ?» የሚል ፍርሃት ካለ ይቅር። መርከብ ከባሕር ውሃ ንጹሕ ውሃ ይሠራል። አንዱ መንገድ ማፍላት ነው። አየር ተመጥጦ በወጣበት ዕቃ ውስጥ የባሕር ውሃ 50 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሙቀቱ የሚመጣው ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ ከዋለው ውሃ ነው። ሞተሩ እንዳይግል የሚወጣው ሙቀት እዚያው የሚጠጣ ውሃ ይሠራበታል። ሌላው መንገድ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ማጣሪያ ማሳለፍ ነው፤ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ማዕድን ይጨመርበታል፣ በክሎሪን ይታከማል። ጣዕሙ ከለገዳዲ ውሃ ለየት ሊል ይችላል። ቀዝቅዞ ሲጠጣ ብዙም አይታወቅም። ኩባያችሁ የሚጠቅማችሁ አንዱ እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ኩባያ ሰገነት ላይ ትታችሁ አትግቡ። ባሕር ላይ ነፋስ በድንገት ይነሳል፤ ባዶ ኩባያ ይበራል። ሁለተኛ፣ ስትሮም ሆነ ክዳን ባሕር ውስጥ እንዳይወድቅ ልጆቹን ተቆጣጠሩ። ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት 5ኛ አባሪው ከ1988 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፕላስቲክ የትኛውም ባሕር ላይ እንዳይጣል ከልክሏል። እኛ ማሽን ክፍል ውስጥ የምናወጣውን ቆሻሻ እንኳ ለይተን መዝገብ ላይ እንጽፋለን። ለልጆቻችሁ ይህን ብትነግሯቸው ይገባቸዋል።

ሲስተር_ሜክሲኮ | ሐምሌ 4፣ ምሽት 1፡45

ነርስ ነኝ። የእኔ ስጋት ንጽሕናው ላይ ነው፤ እባካችሁ ይህን አትለፉት። መርከብ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ይበላል። ኖሮቫይረስ የሚባል ማስታወክና ተቅማጥ የሚያስከትል ቫይረስ እንዲህ ባለ ቦታ ቶሎ ይዛመታል። ትንሽ ቅንጣት ይበቃዋል።

አፍሽን ያስነካሽበትን ኩባያ ከውሃ መቅጃው አፍንጫ ጋር ካገናኘሽ አንቺ ከቀጣዩ ሰው፣ ቀጣዩም ካንቺ ይወስዳል። ብዙ መርከቦች የራስን ዕቃ በቀጥታ መደቀን የሚከለክሉት ለዚህ ነው። መላው ቀላል ነው። ንጹሕ የመርከቡን ብርጭቆ አንሺ፣ በእሱ ቅጂ፣ ወደ ኩባያሽ ገልብጪ፣ ብርጭቆውን ለሚታጠበው አስቀምጪ። ትንሽ ድካም አለው። ግን ማንም አይቆጣሽም፣ ማንም አይታመምም።

እጅን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው ዋናው። አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ለዚህ ቫይረስ ያን ያህል አይበጅም። ኩባያ መዋዋስ በቤተሰብ ውስጥም ይቅር። ስትሮ ያለው ክዳን ከያዛችሁ የስትሮ ብሩሽ ያዙ። ካልሆነ ያለ ስትሮ የሚጠጣበትን ምረጡ። ወተት ስትሮ ውስጥ ከቆየ ይሸታል፤ ሽታው ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ትንሽ ጠርሙስ የዕቃ ሳሙናና አንድ ስፖንጅ ጨምሩ። ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት ታጥቦ ተገልብጦ ይደር።

ኡሙ_ሀያት_መርካቶ | ሐምሌ 4፣ ምሽት 2፡30

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እህት አስካለ። እኛ ቤተሰብ ሆነን ስንጓዝ ሁልጊዜ የራሳችንን ኩባያ እንይዛለን። ምክንያታችን ሌላ ነው። አረቄ የተጠጣበት ብርጭቆ ይታጠባል፤ እሱን እናውቃለን። ግን ልባችን በራሳችን ዕቃ ነው የሚያርፈው። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። አስተናጋጁን ፈገግ ብሎ «በዚህ ስጠኝ» ማለት ነው።

መርካቶ ስትገዢ እንዳትሸወጂ። ሁለት ግድግዳ ያለውና አንድ ግድግዳ ያለው በመልክ አይለይም። ባለሱቁን የፈላ ውሃ እንዲያደርግበት ጠይቂው፤ የሻይ ፔርሙዝ የሌለው ሱቅ የለም። ትንሽ ቆይተሽ ውጪውን ዳስሺው። ከጋለ ተይው። ከዚያ ክዳኑን ዝጊና ገልብጠሽ ያዢው። ጠብታ ከወጣ ለልጅ አይሆንም። እኔ ባለፈው 600 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን በ1,200 ብር ገዛሁ፤ ተከራክሬ ነው።

መምህር_ፊዚክስ | ሐምሌ 5፣ ጠዋት 3፡00

ወይዘሮ አስካለ፣ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ልንገርዎት። እዚህ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። መርከብ ላይ ግን 100 ዲግሪ ሆኖ ነው የሚፈላው። የልጆችዎ አፍ የለመደው የአዲስ አበባን ሻይ ነው። እዚያ የሚቀዳው ሻይ የበለጠ ሊያቃጥል ይችላል። ክዳን ያለው ኩባያ ደግሞ ሙቀቱን አያስወጣም፤ እንፋሎቱም አይታይም፤ ስለዚህ ልጅ አይጠነቀቅም። ለልጆቹ ሻይ ክዳኑን ከፍተው ያብርዱት፣ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩበት።

ሌላው የክዳኑ ነገር ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። እዚህ አጥብቀው የዘጉት ኩባያ ሮም ሲደርሱ ይጣበቃል። የውጪው አየር ክዳኑን ወደ ውስጥ ስለሚጫነው ነው። ባዶ ሃይላንድ ቦሌ ላይ ዘግተው ቢይዙ ሮም ሲወርዱ ተጨማዶ ያገኙታል። ስለዚህ ሲሄዱ ክዳኑን ሳያጠብቁ፣ ባዶውን ይያዙ። በፍተሻ ውሃ ስለማያሳልፉ ባዶ መሆኑ አይቀርም። ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። ሮም ላይ የተሞላ ባለስትሮ ኩባያ አየር ላይ ሲከፍቱት በስትሮው ሽቅብ ይረጫል። መጀመሪያ ክዳኑን ላላ አድርገው ያስተንፍሱት።

አስካለ_4ኪሎ | ሐምሌ 5፣ ቀትር 7፡15

መምህር፣ ይህን ማን ያስባል! በጣም አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ የእማዬን ጥያቄ ላቅርብ። ጀበናዋን፣ ሲኒዋንና ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዤ ካልሄድኩ ትላለች። ዕጣንም ጨምራበታለች። ለ7 ቀን ያለ ቡና ሥነ ሥርዓት መቆየት ከባድ ነው ለእሷ። ምን ልበላት?

ባቦጋያ_መሐንዲስ | ሐምሌ 5፣ ቀትር 8፡00

እናቴን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ምድጃውና ዕጣኑ አይሆኑም። በመርከብ ላይ ከሁሉ በላይ የሚፈራው እሳት ነው። ባሕር መሐል የሚሸሽበት የለም። ስለዚህ የመንገደኛ መርከቦች ማንኛውንም የሚያፈላ ዕቃ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ፍም ያለበትን ነገር ክፍል ውስጥ ይከለክላሉ። ፍተሻ ላይ ይይዙታል፤ የሚመልሱት ጉዞው ሲያልቅ ነው። ጭስ ጠቋሚው በክፍሉ ጣሪያ ላይ ነው፤ አንድ ፍሬ ዕጣን ይበቃዋል።

ሲኒዋ ግን ምንም አይላትም። በጨርቅ ጠቅልላ ትያዝ። ቡናውን ከመርከቡ ቀድታ በራሷ ሲኒ ትጠጣ።

ሮም_የኖረች | ሐምሌ 5፣ ምሽት 2፡20

ሮም 9 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ኩባያው ከመርከቡ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ከተማው ውስጥ ነው። ሮም ጎዳና ላይ 2,500 ያህል የሕዝብ ውሃ መጠጫዎች አሉ። ናዞኒ ይሏቸዋል፤ ትላልቅ አፍንጫዎች እንደ ማለት ነው። ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆሙ የብረት ምሰሶዎች ናቸው። ውሃው ሌት ተቀን ይፈሳል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ነፃ ነው። የታችኛውን አፍ በጣትሽ ብትደፍኚው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል፤ ልጆቹ ይወዱታል። ነሐሴ ሮም ላይ እሳት ነው። እዚህ ክረምት ስለሆነ ጃኬት ለብሳችሁ ትነሱና እዚያ ትቀልጣላችሁ። ቱሪስት በሚበዛበት ቦታ ለአንድ ሃይላንድ ውድ ዋጋ ይጠይቃሉ። ቺቪታቬኪያ ከሮም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባቡር ስትሄዱ ኩባያዎቹን ሞልታችሁ ተሳፈሩ።

ስትሮም ከዚሁ ያዢ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ስትሮ ገበያ ላይ እንዳይቀርብ አድርጓል። የሚሰጡሽ የወረቀት ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ወዲያው ይበጣጠሳል።

አስካለ_4ኪሎ | ነሐሴ 13፣ ምሽት 3፡30

ተመለስን፤ በሰላም። ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን ልጻፍላችሁ።

የያዝነው አምስት ኩባያ ነው። ለሦስቱ ልጆች፣ ለእማዬና ለእኔ። ባለቤቴ አልፈልግም ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የእኔን ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ተራ ገባን፤ እያጠብን ማለት ነው፣ ሲስተር። በየኩባያው እጀታ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰርኩ። የእማዬ አረንጓዴ፣ የትንሿ ቀይ። ገንዳው አጠገብ ተመሳሳይ ኩባያ የያዘ ሰው ብዙ ነበር፤ ያለ ክሩ ይቀያየርብን ነበር። ባለቤቴም ያን ሁሉ ሰው ኩባያ ይዞ ሲያይ ነው ልቡ የተመለሰው መሰለኝ። ገንዳው ጋር ብርጭቆና ሸክላ አያስወጡም፤ ስለዚህ ልጆቹ ሲዋኙ ውሃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ትንሿ በ7 ቀን አንድ ልብስ ብቻ ነው ያረጠበችው።

ትልቁን ጥቅም ያገኘነው ግን እኔም ሳላስበው ነው። እማዬ ፍልሰታን ትጾማለች። ጉዞው ጾሙ ውስጥ ነበር፤ መርከብ ነው ብላ አላቋረጠችም። እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። ቡፌው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት የምሳውን አንስቶ ለእራት የሚዘጋጅበት ነው። የመጀመሪያው ቀን ወጥታ ባዶ ጠረጴዛ አይታ ተመለሰች። ሆዴ ተላወሰ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ምሳ ሊነሳ ሲል ሻይ በኩባያዋ ሞልቼ፣ ዳቦና ፍራፍሬ በሰሃን ይዤ ክፍሏ አስቀምጥላት ጀመር። 9 ሰዓት ስትከፍተው ይፋጃል። የእሷ ኩባያ ወተት ነክቶት ስለማያውቅ ስለዚያም አልተጨነቀችም። የልጆቹ ወተት ሌላ ዕቃ ውስጥ ነው፤ እሷ እያየች ነው የማጥበው።

ሲኒዋም ሄዳለች። ከጾም በኋላ ሻይዋን ትጠጣና ቡና ቀድቼላት በሲኒዋ ይዛ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ቡናው ቀጭን ነው አለች። ባሕሩን ግን አይታ አልጠገበችም።

ያልተሳካውም ይነገር። የመካከለኛዋ ኩባያ ክዳን ማርሴይ ላይ ተሰነጠቀ፤ እሱን ሳልገለብጥ ነው የገዛሁት፣ ኡሙ ሀያት። የስትሮ ብሩሹን ቤት ረሳሁት። መምህር ያሉትን ነግሬያት ሳለ ትንሿ አውሮፕላን ላይ ኩባያዋን ራሷ ከፈተችው፤ አጠገቧ የተቀመጡትን እናት አረጠበቻቸው። ደግ ሴት ነበሩ፣ ይቅርታ አድርገውልናል። ናዞኒው እንደተባለው ነው። ልጆቹ ከመርከቡ መንሸራተቻ እኩል ነው የሚያወሩት።

ቤዛ_አምባሳደር | ነሐሴ 14፣ ጠዋት 2፡50

እንኳን በሰላም መጣችሁ! እኔ በጥቅምት ከሁለት ልጆቼ ጋር ከዚያው ወደብ ልሳፈር ነው። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ኩባያ ገና አልገዛሁም።

አስካለ_4ኪሎ | ነሐሴ 14፣ ጠዋት 3፡05

አትግዢ እህቴ። የእኛን ውሰጂ፤ እስከ ሚቀጥለው ክረምት አንፈልገውም። በፍል ውሃ አጥቤ አስቀምጥልሻለሁ። ከአምባሳደር 4 ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ ከሥራ መልስ ብቅ በይ። የቀዩ ክር ባለቤት ስትሮዋን ነክሳዋለች፤ እሱን ብቻ አዲስ ግዢ። አረንጓዴው ግን አይሰጥም። እማዬ ይዛው ቅዳሴ ሄዳለች።